እርሻን ከሽማግሌ ገበሬ ስለ መማር

አገራችን በእርሻ የምትኖር መሆንዋን ለአገር ገዢዎችና ለወረዳ ሹማምንት፣ ሰፊ እርሻም ለያዙ ባለመሬቶች ማስረዳት ለቀባሪ እንደ ማርዳት ስለሚሆን በዚህ አንዘገይም። ልንናገርበት ያሰብነው ነገር የእርሻ ዕውቀት ከማን ወደ ማን፣ በምንስ መንገድ ይተላለፋል የሚለው ነው። ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ መሣሪያ ከየመሥሪያ ቤቱ የሚወጣው ጽሑፍ ብዙ ነው። ይህን ሁሉ ተቀብሎ በማሳው ላይ የሚያውለው ሰው ማሳውን ራሱን ማወቅ ከየት እንደሚማር የተጻፈው ግን ጥቂት ነው።

በደጋው አገር የገበሬ ልጅ በስድስትና በሰባት ዓመቱ ጥጃና በግ ይጠብቃል፤ ቀጥሎም ከአራሹ ኋላ እየተከተለ ጓል ይከሰክሳል፣ አረም ይነቅላል፤ ጉልበቱ ሲጠና እርፍ ይጨብጣል። በዚህ ሁኔታ እጁ ቶሎ ይማራል። በሬ መጥመድ፣ ትልም ማቅናት፣ ጅራፍ ማጮኽ በሁለትና በሦስት ክረምት የሚገኝ ሙያ ነው። ነገር ግን መቼ ማረስ፣ መቼ መተው፣ የትኛውንም ማሳ ለየትኛው ዘር ማስቀደም እንደሚገባ መለየት በዚህ ያህል ጊዜ አይገኝም። ዝናብ የዘገየበትን፣ ውርጭ የመታበትን፣ ዋግ የወረደበትን፣ ተምች የወጣበትን ዓመት አይቶ ያለፈ ሰው ነው የሚያውቀው። እንዲህ ያለውም ዓመት በየጊዜው ስለማይመጣ፣ ወጣቱ ሁሉን በራሱ አይቶ እስኪማር ቢጠብቅ ግማሽ ዕድሜው ያልፋል፤ በዚያም መካከል የሚከፍለው የትምህርት ዋጋ የቤተ ሰቡ ቀለብ ነው።

ዛሬ ልጆች በትምህርት ቤት ይውላሉ፤ ይህም የሚያስደስት እንጂ የሚያሳዝን አይደለም። ሆኖም ስምንትም ዐሥርም ክፍል ከተማሩ በኋላ ወደ አባታቸው ማሳ የሚመለሱ ብዙዎች ናቸው፤ ሲመለሱም ከአራሹ ኋላ እየተከተሉ ሊሰሙት ይገባ የነበረው ትምህርት ጊዜው አልፎባቸዋል። አያቶቻቸውም በዚያው ዘመን ያረጃሉ፣ ያርፋሉም። ሹማምንት ሊያስቡበት የሚገባው በዚህ ስፍራ ያለው ክፍተት ነው።

ይህን የሚጽፈው ሰው ፊደል የቆጠረው በደብር ቅጥር ውስጥ ከየኔታ እግር ሥር ነው፤ ኋላም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሒሳብና የተፈጥሮ ትምህርት ተማረ። ሁለቱም ጠቅመውኛል፤ ጠባያቸው ግን አንድ አይደለም። የሚሲዮኑ አስተማሪ ነገሩ ለምን እንደሚሆን አስቀድሞ ያስረዳል። የኔታ ያሰሙታል፣ ተማሪው መልሶ ያሰማል፤ የሳተ እንደ ሆነ ዐይናቸውን እንኳ ሳይገልጡ ከሳተበት ቃል ላይ ያቆሙታል። የነገሩ ምክንያት የሚገባው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ዜማው ግን በዚያን ጊዜ በአፉ ውስጥ ገብቷል። የእርሻ ትምህርት ወደዚህ ወደ ሁለተኛው ያደላል። ሽማግሌው ገበሬ ከማሳው ውጭ ተቀምጦ ስለ ማሳው ንገረን ቢባል የሚናገረው ጥቂት ነው፤ እርፍ የጨበጠ ልጅ በፊቱ ሲሳሳት ካየ ግን የሚያርመው አያልቅበትም። ይህን የተረዳሁት በመጽሐፍ ሳይሆን በራሴ ጥፋት ስለ ሆነ እንዳለ እናገረዋለሁ።

ነገሩ ከሆነ ከሃያ ዓመት በላይ ይሆናል። ገና ወጣት ጸሐፊ ሳለሁ በሸዋ ደጋ ወዳለ አንድ ወረዳ ትእዛዝ ይዤ ተላክሁ። ትእዛዙም ስንዴ የሚዘሩ ሁሉ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ዘርተው እንዲጨርሱ የሚል ነበር። ለቀይ አፈርና ለተዳፋት መሬት ደኅና ምክር ነው። የዚያ ወረዳ ሜዳ ግን ጥቁር ዋልካ ነው። ገበሬዎቹ ከአንድ ዋርካ ሥር ተሰብስበው ወረቀቱን ካነበብሁላቸው በኋላ፣ ዕድሜያቸው ከሰባ የሚያልፍ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ «ልጄ፣ ቃሉ መልካም ነው፤ ውሃው በየት እንዲወጣ ይላል?» ብለው ጠየቁኝ። ወረቀቱን ደግሜ ተመለከትሁ፤ ስለ ውሃ የሚናገር አንድ ቃል አልነበረበትም። አላውቅም ማለት ስላሳፈረኝ፣ «አባቴ፣ ትእዛዙ ከበላይ የመጣ ነው» አልኋቸው። እርሳቸውም ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ፤ ሌላ አልተናገሩም።

ሽማግሌው ትእዛዝ እንዳይተላለፉ ከማሳቸው ጠርዝ ጥቂቱን በሐምሌ መጀመሪያ ዘሩ፤ የቀረውን ግን አለስልሰው ተዉት። ሌሎቹ ብዙዎቹ ቃሉን አምነው ሁሉንም ዘሩ። በነሐሴ ተመልሼ ሳይ ሜዳው ውሃ አቁሮ፣ ስንዴው ከቁርጭምጭሚት ሳያልፍ ቢጫ ሆኖ ቆሞ ነበር። ሽማግሌው የተዉትን ማሳ በነሐሴ መጨረሻ ዝናቡ መለስ ሲል ዘሩት፤ እንደ ሌላው ዓመታቸውም አጨዱ። በትእዛዙ የዘሩት ሰዎች ብዙዎቹ ዘራቸውን እንኳ አላገኙም፤ ለዘሩና ለማዳበሪያው የገቡት ዕዳ ግን በጊዜው ተጠየቀ። ወረቀቱን ያነበብሁላቸው እኔ ነኝና ከዕዳው ጊዜ በኋላ በዚያ ዋርካ አጠገብ ማለፍ ይከብደኝ ነበር።

የነገሩ ምክንያት አሁን በደንብ የታወቀ ነው። ዋልካ በበጋ ተሰነጣጥቆ የሰው ክንድ የሚያስገባ ሲሆን፣ ሲረጥብ አብጦ ስንጥቁን ሁሉ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የሚዘንበው ውሃ ወደ ውስጥ አይሰርግም፤ ሜዳ ከሆነም አይሄድም። የአፈሩ ቀዳዳ በውሃ ሲሞላ ሥሩ አየር ያጣል፤ ለቅጠሉ ልምላሜ የሚሆነው ናይትሮጅንም ከአፈሩ ይባክናል። ስንዴው ቢጫ የሚሆነው ስለዚህ ነው። የጥንት ሰዎች በዋልካ ላይ ሽምብራን፣ ጓያን፣ ምስርንና ስንዴን ክረምቱ ሲወጣ፣ አፈሩ ባቆረው እርጥበት እንዲያድግ ይዘሩ የነበሩት ይህን አይተው ነው። በአገራችን እንዲህ ያለው ጥቁር አፈር 12 ነጥብ 6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ሲሆን፣ ከዚህ 7 ነጥብ 6 ሚሊዮን የሚሆነው በደጋው ይገኛል። እንግዲህ የሽማግሌው ጥያቄ ስለ አንድ ሜዳ ብቻ የተጠየቀ አልነበረም።

ይሁን እንጂ የሽማግሌው ልማድ ጉዳት አልነበረበትም ማለት አይደለም። ማሳው ባዶውን ሐምሌንና ነሐሴን ሲያሳልፍ ጎርፍ አፈሩን ይወስደዋል፤ ዘግይቶ የተዘራውም እህል እርጥበቱ ቶሎ ካለቀበት ፍሬው ይቀጭጫል። ስለዚህ ቶሎ መዝራት በራሱ ስሕተት አልነበረም፤ ስሕተቱ የውሃውን መውጫ ሳያዘጋጁ ቶሎ ዝሩ ማለት ነው። የዚህንም መፍትሔ ያገኘው ሌላ ገበሬ ነበር። በሰሜን ሸዋ በሞረትና ጅሩ ወረዳ፣ በእነዋሪ ሜዳ ላይ ሴቶችና ልጆች ሳይቀሩ አፈሩን በእጃቸው እየሳቡ ሰፊ መደብና በመካከሉ ቦይ ያበጃሉ፤ እህሉ በመደቡ ላይ ይበቅላል፣ ውሃው በቦዩ ይወርዳል። ይህ ከአባቶቻቸው የተቀበሉት ሙያ ነው። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1980ዎቹ ዓመታት ኢልካ ይባል የነበረው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ከአገራችን የእርሻ ተመራማሪዎች ጋራ ሆኖ ይህን አሠራር ተመለከተና፣ ሁለት ማረሻ አጣምሮ በአንድ ጥማድ በሬ የሚሳብ፣ 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መደብና 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ የሚያወጣ መሣሪያ ሠራ። ሊቃውንቱ መጀመሪያ ወደ ገበሬው ሄደው ስለ ተማሩ መሣሪያው የገበሬውን ማረሻና የገበሬውን በሬ የሚመስል ሆነ።

ከዚያ ጥፋት በኋላ በሁለተኛው ዓመት እኒያን ሽማግሌ ከሦስት ጎረቤቶቻቸው ጋራ በመኪና ወደ እነዋሪ ወሰድናቸው። መደቡን በክንዳቸው ለኩ፤ ከቦዩ ውስጥ ገብተው ቆሙ፤ የውሃው መጨረሻ ወዴት እንደሚወርድ እስከ ሜዳው ዳር ሄደው አዩ። ከእነዋሪ ሽማግሌዎች ጋራም እስኪመሽ ድረስ ሲነጋገሩ እኔ የተናገሩትን እጽፍ ነበር፤ ከጻፍሁትም ውስጥ ግማሹ የገባኝ ከዓመት በኋላ ነው። በመጨረሻ የጠየቁት፣ «ይህ ሁሉ እጅ ከየት ይመጣል?» ብለው ነበር፤ ልጆቻቸው ከተማ ገብተው እርሳቸውና ባለቤታቸው ብቻ ቀርተዋልና። ስለ መሣሪያው የነገርናቸው ያን ጊዜ ነው። በሚቀጥለው ክረምት በአንድ ጥማድ መሬት ላይ ሞከሩት፤ በነሐሴ ሄጄ ሳይ ስንዴው አረንጓዴ ነበር።

ከዚህ የምንረዳው የአንዱ አገር ሽማግሌ የሌላውን አገር ዕውቀት ሁሉ እንደማይዝ ነው። ስለዚህ ወጣቱን ከሽማግሌው ጋራ ማገናኘት ብቻ ሳይሆን ሽማግሌውንም ከሽማግሌ ጋራ ማገናኘት ያስፈልጋል። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ የመኪና ነዳጅና የሁለት ቀን ስንቅ ብቻ ነው። ለስብሰባ ከሚወጣው ያነሰ መሆኑን ሒሳብ የምትይዙ ሁሉ ታውቁታላችሁ።

አሁን ደግሞ ወጣቱ ከሽማግሌው የሚማረው ነገር ምን ምን እንደ ሆነ ጥቂቱን እንናገር። ማረሻችን አፈሩን ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጥም፤ በሁለት ትልም መካከልም ያልታረሰ መሬት ይተዋል። ስለዚህ ሁለተኛው እርሻ የመጀመሪያውን አቋርጦ ይታረሳል፤ ጤፍ ከሆነም ሦስትና አራት፣ ከዚያም በላይ ጊዜ ይመላለስበታል። ወጣቱ ይህን በዐይኑ አይቶ ያውቃል። የማያውቀው ማሳው ዘቅዛቃ የሆነ እንደ ሆነ ከማቋረጡ አንዱ ትልም ቁልቁል ስለሚወርድ ጎርፍ መንገድ እንደሚያገኝበት ነው። ብልኅ ሽማግሌ የመጨረሻውን እርሻ አግድም ያደርገዋል፤ ከዘራም በኋላ ውሃው አፈሩን ሳይጠርግ ቀስ ብሎ እንዲወርድ ፈሰሱን በሰያፍ ያወጣል። ፈሰሱ ከልክ በላይ ቁልቁል ያየ እንደ ሆነ በሦስት ዓመት ገደል ይሆናል፤ ከልክ በላይ አግድም የሆነ እንደ ሆነ ሞልቶ ይጥሳል። በዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ልክ በቁጥር የሚነግረኝ ገበሬ አላገኘሁም፤ በእግሩ እየሄደ ግን ሁሉም ያሳዩኛል።

የማረሻው ጥልቀትም እንዲሁ ነው። ሞፈሩን ከቀንበሩ የሚያስሩበትን ምራን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ በማዛወር ማረሻው ጠልቆ ወይም ገፎ እንዲሄድ ይደረጋል፤ የቀረውን ደግሞ እርፉን የያዘው እጅ ይሞላዋል። በሬው ሲያቃስት ጥፋቱ የበሬው ነው ብሎ ጅራፍ የሚያነሣ ወጣት ብዙ ነው። ሽማግሌው ምራኑን ያያል።

የጤፍ ዘር ሺህ ፍሬው ግማሽ ግራም እንኳ የማይመዝን ስለ ሆነ፣ መሬቱ ጓል የበዛበት ወይም የላላ እንደ ሆነ ዘሩ ከማይበቅልበት ጥልቀት ይወድቃል። በጥቁር አፈር ላይ ከመዝራት በፊት ከብትና በግ እየነዱ ማሳውን የሚያስረግጡት ስለዚህ ነው። ይህን ልማድ እንደ ጨዋታ ቆጥሮ የሳቀ አንድ የተማረ ወጣት አውቃለሁ፤ እርሱም በወጣትነቱ ይህ ጸሐፊ ነበር።

ሽማግሌ ስንል ወንዱን ብቻ እንዳልሆነ ሹማምንት ሁሉ እንዲያስተውሉ ያስፈልጋል። ዘር መምረጥ በብዙ አገር የእናቶች ሥራ ነው። የማሽላውን ዘለላ ገና በማሳው ሳለ አይተው ይለያሉ፤ ከምድጃው በላይ ሰቅለው ጢሱ ነቀዝን እንዲያርቅለት ያደርጋሉ። እኛ ለዘር ምክር ስንሰበስብ የምንጠራው ግን አባወራውን ነው፤ እርሱም ቤቱ ገብቶ ባለቤቱን ይጠይቃል። የዘራችንን ሀብት በመጠበቅ ስማቸው የታወቀው ዶክተር መላኩ ወረደ ይህን ቀድመው አስተውለዋል። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1976 የተቋቋመውን የዕፅዋት ዘር ማዕከል ለብዙ ዓመት ሲመሩ፣ ዘሩን በቀዝቃዛ ቤት ከማስቀመጥ ጋራ በገበሬው ማሳ ላይ እየተመረጠ እንዲኖር አድርገዋል፤ በ1977 ዓ.ም. ከደረሰው ከባድ ድርቅ በኋላም ዘር ወደ ገበሬው እንዲመለስ ደክመዋል። ለዚህ ሥራቸው በአውሮጳ አቆጣጠር በ1989 ከስዊድን የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል። የውጭ ምስክር ካልሰማ የማያምን ሹም ካለ፣ ገብስን ቢጫ የሚያደርገውንና የሚያቀጭጨውን ቫይረስ የሚቋቋመው ባሕርይ ከኢትዮጵያ ገብስ ተገኝቶ የካሊፎርኒያን የገብስ እርሻ እንደ ጠቀመ ይወቅ። ያን ገብስ ዘር አድርጎ ከትውልድ ወደ ትውልድ ያቆየው የደጋ ገበሬ ነው።

ሽማግሌም ይሳሳታል። በሸዋ ደጋ ጉዬ የሚባል ልማድ አለ፤ ይኸውም የሣሩን ሥር ከነአፈሩ ከምሮ አቃጥሎ ገብስ መዝራት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ገብሱ እጅግ ያማረ ይሆናል። ከሁለት አዝመራ በኋላ ግን መሬቱ ይደክማል፤ ዐሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ካላረፈም አያገግምም። መሬት ሰፊ፣ ሰው ጥቂት በነበረበት ዘመን ይህ ይቻል ነበር። ዛሬ ግማሽ ሄክታር የያዘ ወጣት ማሳውን ዐሥር ዓመት የሚያሳርፍበት አቅም ስለሌለው አያቱን በዚህ ነገር ሊከተል አይገባውም። የእርሻ ባለሙያ ሥራ በእንዲህ ያለው ስፍራ ላይ ይጀምራል፤ ሽማግሌው ያየውን ሰምቶ፣ ዘመኑ የለወጠውን ነገር ለሁለቱም ማስረዳት። ሳይሰማ የሚናገር ባለሙያ ግን እኔ በዋርካው ሥር የሆንሁትን ይሆናል።

ይህ ሁሉ በአሳብ ብቻ እንዳይቀር በየወረዳው ሊደረግ የሚቻለውን እናመልክት። በደጋው አገር ጉልበት ያጣ ሽማግሌና ባል የሞተባት ሴት መሬታቸውን ለወጣት የእኩል ወይም የሲሶ ሲያሳርሱ የቆየ ልማድ ነው። መሬት የሌለው ወጣት ማሳ ያገኛል፤ ሽማግሌው ቀለብ ያገኛል። ይህን እንደ መሬት ውል ብቻ ማየት ይጎዳል፤ ትምህርት ቤት ሆኖ ሊያገለግል ይችላልና። ነገር ግን ሽማግሌዎች የሚፈሩት ነገር አለ። ልጁ ሁለትና ሦስት ዓመት ካረሰ በኋላ መሬቱ የእኔ ነው ይላል ብለው ይሠጋሉ፤ መሬት ሲደለደል ያዩ ሰዎች ስለ ሆኑ ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም። ስለዚህ ዕውቀቱን ደብቀው፣ ወጣቱን በየዓመቱ ይለውጡታል። በየዓመቱ የሚለወጥ ተማሪ ደግሞ ምንም አይማርም። የወረዳው ሹም የሽማግሌውን የይዞታ ደብተር አይቶ፣ ውሉ በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት እንዲመዘገብ፣ ዘመኑና ድርሻው ተለይቶ እንዲጻፍ ያደረገ እንደ ሆነ ሥጋቱ ይቀንሳል። ከሦስት ክረምት ያነሰ ውል ለትምህርት እንደማይበቃ ካየሁት ተነሥቼ እመክራለሁ፤ በመጀመሪያው ዓመት ወጣቱ ይታዘዛል፣ በሁለተኛው ይከራከራል፣ ጠይቆ መሥራት የሚጀምረው በሦስተኛው ነውና።

መሬት በኪራይ ወስደው ሰፊ እርሻ የሚያርሱ ባለሀብቶችም ከአካባቢው አንድ ሁለት ሽማግሌ በደመወዝ ቢይዙ ትራክተሩ ከየትኛው ረግረግ እንደሚሰጥም አስቀድሞ ይነገራቸዋል። ደመወዙ እንደ ዘበኛ ደመወዝ ሊሆን አይገባም።

ሽማግሌውን የሚመርጥ ማን ነው ቢባል፣ ሹሙ አይደለም። ሹም የመረጠው ሽማግሌ ብዙ ጊዜ በስብሰባ ላይ መናገር የሚችለው ነው። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት በቀበሌው እየዞሩ፣ «ዝናብ ቢዘገይ ማንን ትጠይቃላችሁ?» ብሎ ገበሬውን መጠየቅ ይሻላል፤ ሁለትና ሦስት ስም ተደጋግሞ ይመጣል። ከነዚያም ሰዎች ጋራ ወጣቱና የእርሻ ባለሙያው በግንቦት በማሳው ላይ ይገናኙ፤ የማሳውን ስም፣ የአፈሩን ዓይነት፣ ውሃው የሚቆምበትን ስፍራ፣ ክፉ ዓመት የተባሉትን ዓመታትና በእያንዳንዱ የተዘራውን ዘር ባለሙያው በደብተር ይጻፍ። ቀኑ የበዓል ቀን፣ ሰዓቱም ሥራ የሚያስፈታ እንዳይሆን፤ ሽማግሌውንም ወደ ጽሕፈት ቤት መጥራት አያስፈልግም።

በየሦስት ወሩ ወደ በላይ የምንልከው የሪፖርት ወረቀት ስለ ማዳበሪያ ኩንታል፣ ስለ ዘር ኩንታልና ስለ ታረሰው ሄክታር የሚሞላበት ዓምድ አለው። ከሽማግሌ ጋራ የተገናኙ ወጣቶች ስንት እንደ ሆኑ የሚሞላበት ዓምድ ግን የለውም። እኔ ከወረቀቱ ግርጌ ባለው ባዶ ስፍራ ላይ እጽፈዋለሁ፤ እስከ ዛሬም ለምን ጻፍህ ያለኝ የለም።